ሌባውና ተቀባዩ፦ የዮሩባ ሕዝብ ምሳሌዎች ስለ በደል የሚሰጡት ፍርድ

በደቡብ ምዕራብ ናይጄሪያና በጎረቤቷ በቤኒን የሚኖረው የዮሩባ ሕዝብ «ምሳሌ የንግግር ፈረስ ነው፤ ነገር የጠፋ እንደሆነ የሚፈለገው በምሳሌ ነው» ይላል። ስለዚህ በሽማግሌዎች ፊት ሙግት ሲደረግ ምሳሌ ለጌጥ ብቻ አይነገርም።

ስለ በደል ከተነገሩት መካከል ብዙዎቹ ብድር እንደማይቀር የሚያስጠነቅቁ ናቸው። «ቀኑ ሁሉ የሌባ ነው፤ አንዱ ቀን ግን የባለቤቱ ነው» የሚለው ከዚሁ ወገን ይቈጠራል። እንዲህ ያለው አሳብ በየአገሩ ስለሚገኝ ብዙ አያቈየንም።

ጠለቅ ብሎ መመርመር የሚገባው ስለ ዘይት ሌባ የተነገረው ነው። የዘንባባ ዘይት ለወጥም ለመብራትም የሚያገለግል የቤት ሀብት ነው። ምሳሌውም «ዘይቱን ከቆጥ ላይ ካነሣው ይልቅ ከታች ሆኖ የተቀበለው የባሰ ሌባ ነው» ይላል። ማሰሮ የታቀፈ ሰው እጁ ስለተያዘ ያለ ተቀባይ መውረድ ይቸግረዋል። እንግዲህ በደል የሚመዘነው በፈጸመው እጅ ብቻ ሳይሆን፥ እንዲፈጸም ባስቻለውም እጅ ነው ማለት ነው።

የዚህን ፍርድ ክብደት የሳሙኤል አጃይ ክራውዘር ታሪክ ያስረዳል (ዘመኑ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)። ክራውዘር በ1821 የትውልድ ከተማቸው ኦሾጉን በወራሪዎች ስትጠፋ በልጅነታቸው ተማረኩ። ራሳቸው በ1837 እንደ ጻፉት፥ በመጀመሪያ በፈረስ ተለወጡ፤ ፈረሱ ስላልተወደደ ተመለሱ። ከዚያም ከእጅ ወደ እጅ ተሸጠው ሌጎስ ላይ በፖርቱጋሎች መርከብ ተጫኑ። በ1822 የእንግሊዝ የጦር መርከብ ይህችን መርከብ ስለ ያዘ ነጻ ወጥተው ፍሪታውን ገቡ። በ1852 ያሳተሙት የዮሩባ መዝገበ ቃላት ብዙ ምሳሌዎችን የያዘ ነው። በፈረስ የተለወጠው ሕፃን «የንግግርን ፈረስ» ሰብሳቢ ሆነ።

በዘይቱ ምሳሌ ከመዘንነው፥ ከታች ቆሞ የተቀበለው ባሕር ዳር የሚጠብቀው ገዢ ነው። ሆኖም ጦርነቱን ሁሉ ገዢው አመጣው ማለት ልክ አይሆንም፤ የኦዮ መንግሥት መከፋፈልና የኢሎሪን መነሣት የየራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። የገዢው ድርሻ ምርኮኛው ወደ ባሕር ማዶ የሚጫን ሸቀጥ እንዲሆን ማድረጉ ነው።

ምሳሌው በሌላ መልክም ይነገራል፤ «ሌባው ዘይቱን ያነሣው ብቻ አይደለም፤ የተቀበለውም ነው»። በእኔ አስተያየት ለኦሾጉን ታሪክ የሚስማማው ይህ ነው፤ ከወራሪዎቹ መካከል የክራውዘርን ቋንቋ የሚናገሩ የኦዮ ሰዎች ነበሩና።