ከላፍቶ ወደ ሃላይደጌ ሜዳ

እንግዲህ ወገኖቼ፣ ቦታ ቦታችሁን ያዙና ስሙኝ፤ ነገሩ ረጅም መንገድ አለው፣ መንገዱም አቧራና ፀሐይ አለው፣ እኛ ግን አንቸኩልም። ጥር ገብቶ፣ ታቦታቱ ከጥምቀተ ባሕር ወደየመንበራቸው ተመልሰው፣ የላፍቶ ማለዳ ገና ጋቢ የሚያስደርብ ብርድ ይዞ ሳለ፣ ከንፋስ ስልክ ላፍቶ ሰፈሮች የተሰባሰብን ጥቂት ሰዎች ካሜራችንን ሸክፈን የቆላ አራዊት ፎቶ ልናነሳ ተነሳን። ከሳሪስ ዕድሜያቸውን በፎቶ ቤት ያሳለፉ አዛውንት ነበሩ፤ ከጀሞ ሠርግ እያነሳች የምትተዳደር ወጣት ነበረች፤ ከመካኒሳ አንድ የባዮሎጂ መምህር ነበረ፤ እኔም ነበርኩ። አስጎብኚያችን ይህን መንገድ እየወረደና እየወጣ ጠጉሩ የሸበተ ሰው ነው። ብዙ ሰው አልፈልግም አለን፤ በአንድ መኪና ውስጥ እያንዳንዱ ሰው የራሱ መስኮት ሊኖረው ይገባል፣ መኪናው ሲቆም የሚንጫጫ ሰው ከበዛ ደግሞ እንስሳው አይጠብቅም አለን። ከዚያም ሁላችንም ከወፍራም ጨርቅ ትንሽ ከረጢት ሰፍተን ሽምብራ እንድንሞላባት አዘዘን። ረጅሙ ሌንስ መስኮቱ ላይ በዚያች ከረጢት ላይ ሲያርፍ አይንቀጠቀጥም፤ ባለሦስት እግሩን ማቆሚያ ለመትከል ከመኪና መውረድም አያስፈልግም። እኛም እንዳለን አደረግን።

ከዚያም የጅቡቲው ባቡር የሚነሳበትን የፉሪ ለቡ ጣቢያ ወደ ኋላ ትተን፣ በቃሊቲ አልፈን፣ ቱሉ ዲምቱ ላይ የፍጥነት መንገዱ ውስጥ ገባን፣ ቢሾፍቱንና ሞጆንም አለፍን፣ አዳማ ስንደርስ ጋቢው ወደ ኋላ ወንበር ተወረወረ፤ ወለንጪቲ ላይ ደግሞ ሹራቡ ተከተለው። ምድሩ እየዘቀጠ፣ ግራሩ እያጠረ፣ ነፋሱ እየደረቀ ይሄዳል። አዛውንቱ በየመንደሩ ያለውን ብርሃን እያዩ «ይኼ ነጭ ነው፣ ይኼ ገና ቢጫ አለበት» ይላሉ፤ ወጣቷም «ጋሼ፣ እንዴት ይለዩታል?» እያለች ትጠይቃቸዋለች፣ እሳቸውም ከወለንጪቲ እስከ መተሐራ ሳይሰለቹ አስረዷት።

መተሐራ ስንቃረብ በሰቃ ሐይቅ ከመንገዱ ዳር ተዘርግቶ ጠበቀን። ይህን ሐይቅ የማያውቅ ሰው ውብ ነው ብሎ ያልፋል፤ የአካባቢው ሰው ግን ስጋት አለበት። በአባቶቻችን ዘመን ከ3 ካሬ ኪሎ ሜትር ብዙም የማይበልጥ ኩሬ ነበር፤ ዛሬ ከ40 በላይ ሸፍኗል፣ ውሃውም ጨዋማ በመሆኑ የደረሰበትን ግጦሽ ይበላል፣ ወደ ሸንኮራ አገዳው እርሻም ይገፋል። በሐይቁ ማዶ የፈንታሌ ተራራ ቆሟል፤ እ.ኤ.አ. በ1820 ገደማ የፈሰሰው ቅልጥ ዐለት ዛሬም ጥቁር ሆኖ ከሥሩ ተኝቷል። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ የፈንታሌና የዶፈን ተራሮች ምድር ሌት ተቀን ሲንቀጠቀጥ ብዙ ሺህ ሰው ቤቱን ጥሎ ወጣ፤ እናንተም ያኔ በአዲስ አበባ ፎቅ ላይ ሆናችሁ መብራቱ ሲወዛወዝ ሳታዩ አልቀራችሁም። አስጎብኚው እዚያ ቦታ ላይ መኪናውን አስቆመና ፎቶ አንሱ ሳይል ዝም ብሎ ተራራውን አየ፤ እኛም አየን።

ከዚያም አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ገባን። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1966 ተቋቁሞ በ1969 በሕግ የጸና ነው፣ ኢላላ ሳላ የሚባለው ሜዳውም በሳላ መንጋ የታወቀ ነው። ሳላ ማለት ያ ቀንዱ እንደ ጦር ቀጥ ያለው፣ ፊቱ በጥቁርና በነጭ የተከፈለው የበረሃ ጌታ ነው። መምህሩ እንደነገረን፣ ሳላ በጠራራ ፀሐይ ላቡን አያባክንም፤ ሌላውን እንስሳ የሚገድል ትኩሳት በገላው ውስጥ እንዲጨምር ይተወዋል፣ ወደ አንጎሉ የሚሄደውን ደም ግን በአፍንጫው ትንፋሽ ያበርዳል። ስለዚህ እኛ ጥላ ፍለጋ ስንራኮት እሱ ሜዳው መሐል ቆሞ ያመነዥካል። ረፋድ ላይ ሙቀቱ ከመሬት እየተነነ ሥዕሉን ሁሉ ያንቀጠቅጠዋልና አስጎብኚው ካሜራችሁን ክደኑ፣ አቧራ ባለበት ሌንስ አትቀይሩ ብሎን ወደ ፏፏቴው ወሰደን።

እዚያ ነው መምህሩ አንድ ነገር ያለው። አዋሽ ከገደሉ ላይ ቡናማ ሆኖ ሲወረወር እያየ፣ «ይህ ውሃ እኮ የእኛም ሰፈር ውሃ አለበት» አለ። በመካኒሳ ድልድይ ሥር የምታልፈው ትንሿ አቃቂ ወደ አባ ሳሙኤል ትወርዳለች፣ ከዚያም አዋሽን ትቀላቀላለች፣ አዋሽም በቆቃ ግድብ አርፎ ወደዚህ ይመጣል፣ ከዚህም ወደ አፋር ወርዶ ባሕር ሳይደርስ አቤ ሐይቅ ላይ ያበቃል። ይህን ሁላችንም በትምህርት ቤት ተምረነው ነበር፤ ዐይተነው ግን አናውቅም ነበር። ከታች አንድ አዞ በድንጋዩ ላይ ተጋድሟል፤ ወጣቷም ካሜራዋን አነሳች፣ ጥቂት ቆይታም ሳታነሳው አወረደችው።

በማግስቱ ወደ ሃላይደጌ ቀጠልን። ሃላይደጌ በአሰቦት ተራራ ግርጌ ዐይን እስኪደክም የተዘረጋ የሣር ሜዳ ነው፤ አፋርና ኢሳ ለግጦሽና ለውሃ ሲሉ ደጋግመው የተጋጩበት፣ ብዙ እናት ያለቀሰችበት ምድርም ነው። ስለዚህ ማንም ካሜራ ስላለው ብቻ አይገባበትም፤ አገሩን የሚያውቅ፣ አገሩም የሚያውቀው ሰው ይዞ ነው የሚገባው። እኛን የተቀበሉን የአፋር ሽማግሌ ነበሩ፣ ሽርጣቸውን አጥብቀው፣ ጠመንጃቸውን በትከሻቸው አጋድመው፣ ከሹፌሩ አጠገብ ተቀመጡ። ወጣቷ «አባባ» አለቻቸው፣ እሳቸውም በአማርኛ «ልጄ» አሏት።

እኛ ወዲያው ወደ ሜዳ አህዮቹ የምንሄድ መስሎን ነበር። ሽማግሌው ግን ግመል የሚነዳ ሰው ከሩቅ ባዩ ቁጥር መኪናውን ያስቆማሉ፣ ይወርዳሉ፣ ከሰውየው ጋር እጅ ይነሳሳሉ፣ ከዚያም ሁለቱም ቁጢጥ ብለው በዱላቸው መሬቱን እየጫሩ ይነጋገራሉ። አንዱ ሲናገር ሌላው አያቋርጥም። ዳጉ ይሉታል፤ የአፋር ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ የሰማውንና ያየውን ሳይነግር አያልፍም፤ ዝናቡ የት ጣለ፣ ሣሩ የት አለ፣ ማን ታመመ፣ ማን ሞተ። ያልሆነውን የሚያወራ ሰው ክብሩን ያጣል፤ በዚያ ዜና ተማምኖ ከብቱን ወደ ደረቅ ምድር የሚነዳ ሰው አለና። ከሳሪስ የመጡት አዛውንት መጀመሪያ ሰዓታቸውን ያዩ ነበር፤ ከሦስተኛው ዳጉ በኋላ ግን ሽማግሌው ተመልሰው ገብተው «አህዮቹ ውርንጭላ ይዘዋል፤ ሲመሽ ወደ ውሃው ይመጣሉ» አሉን፤ ከዚያ በኋላ ሰዓት የሚያይ ሰው አልነበረም።

ስንጠብቅ ዋልን። የሜዳ ፍየሎች ነጭ ቂጣቸውን እያሳዩ አለፉ፣ ሰጎንም አለፈች። ከሩቅ ሜዳው ዳር ላይ ያ ሣሩን እየዋጠ የሚመጣው ፕሮሶፒስ፣ አፋሮች ደርጊ ሐራ የሚሉት እሾሃም ዛፍ፣ አረንጓዴ ሆኖ ይታያል፤ በዚያ ደረቅ ምድር ላይ ያን ያህል አረንጓዴ ሳይ ልቤን ሲያሳዝነው የመጀመሪያዬ ነው። ከዚያም ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ መጡ፤ ትልልቅ ጆሮአቸውን አቁመው፣ ጭረታቸው እንደ ጥልፍ ደቅቆ፣ ሆዳቸው ነጥቶ፣ የሜዳ አህዮቹ በአንድ መስመር ወደ ኩሬው መጡ። ውርንጭላ ያላቸው እናቶች ነበሩ። ከእነዚህ እንስሳት ውስጥ ውርንጭላ የሌላት እስከ አምስት ቀን ያለ ውሃ ትቆያለች፤ የምታጠባዋ ግን በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ካልጠጣች ወተቷ ይነጥፋል።

እነሱም ቆሙ። መኪናችን ከውሃው ብዙ አይርቅም ነበር። የፊተኛዋ እናት አየችን፣ ውርንጭላዋ ከጎኗ ተጠጋ፣ ሁላችንም ጣታችንን የካሜራው መጫኛ ቁልፍ ላይ አድርገናል፤ ብርሃኑ አዛውንቱ ከማለዳ ጀምሮ ሲመኙት የነበረው ብርሃን ነው። መምህሩ ሹፌሩን «ትንሽ ጠጋ» አለው። ያኔ ሽማግሌው ምንም ሳይናገሩ እጃቸውን ዘርግተው መዳፋቸውን በመምህሩ ሌንስ ፊት አደረጉ፣ በሌላው እጃቸውም ለሹፌሩ ወደ ኋላ አመለከቱ። መኪናው በቀስታ ወደ ኋላ ሄደ፣ ደግሞም ሄደ፣ እንስሳቱ በሌንሳችን ውስጥ አነሱ፣ ሞተሩም ጠፋ። ብዙ ቆይቶ እናቲቱ ራሷን ዝቅ አድርጋ ጠጣች። መምህሩ መዳፋቸውን ያዘና ሳመው። ፎቶዎቹ እንስሳው ትንሽ፣ ሜዳው ሰፊ የሆነባቸው ናቸው፤ እኔ እንደዚያ ሆነው በመቅረታቸው ደስ ይለኛል።

ማታ እሳት ዳር አስጎብኚው የእነዚህን አህዮች ታሪክ ነገረን። ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ አንዱ ለፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ለዡል ግሬቪ ተልኮ ነበርና፣ ኡስታሌ የተባለ ሳይንቲስት እ.ኤ.አ. በ1882 እንስሳውን በፕሬዚዳንቱ ስም ሰየመው። በዓለም ላይ ዛሬ የቀሩት 3,000 ገደማ ቢሆኑ ነው፤ የሚበዙት ኬንያ ውስጥ ናቸው፣ እኛ ዘንድ ያሉት ጥቂት መቶዎች ብቻ ናቸው። ጭረቱም የአንዱ ከሌላው አይገጥምም፤ ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ2016 ኬንያ ውስጥ ተራ ሰዎች ካሜራ ይዘው ወጥተው የእያንዳንዱን ቀኝ ጎን ብቻ እያነሱ አስቆጠሯቸው። ወጣቷ ይህን ስትሰማ ካሜራዋን ከፍታ ከቀኝ ጎን የተነሱትን መለየት ጀመረች፣ አዛውንቱም መነጽራቸውን አድርገው አገዟት።

ሽማግሌው ደግሞ ወደ ሰሜን፣ ወደ ያንጉዲ ራሳና ወደ ሰርዶ በኩል ያለውን ሌላውን፣ የዱር አህያውን አነሱ። ገላው አመድማ፣ እግሩ ብቻ ጭረት ያለበት፣ ዛሬ በኢትዮጵያና በኤርትራ በረሃ ጥቂት የቀረ ፍጡር ነው። ተመራማሪዎቹ ዶክተር ፋኑኤል ከበደና ፓትሪሺያ ሞልማን ለዓመታት የተከታተሉት እሱን ነው። በሳሪስና በጀሞ እህል ተሸክማ መኪና የሚጮህባት አህያ የእሱ ዘመድ ናት፤ ሰው ያላመዳትም ከሰባት ሺህ ዓመት በፊት ገደማ በዚሁ በእኛ ቀጠና እንደሆነ እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ የዘረመል ጥናት አመልክቷል። ሽማግሌው እሱን ለማየት ልሂድ ለሚል ሰው መልሳቸው አጭር ነበር፦ «ከጥቂት ጋር ይሂድ፣ ውሃውን ይተውለት።»

ስንመለስ ሽማግሌው እስከ መልካ ወረር ሸኙን፤ እዚያ ከብት ውሃ የሚጠጣበት የአዋሽ ዳር አስቆሙንና ወርደው ቁጢጥ አሉ። እኛም ተቀመጥን። እስካሁን የጠየቅናቸው እኛ ነበርን፤ አሁን እሳቸው ጠየቁ። አገሩ ሰላም ነው? አሉ፤ ነገርናቸው። ዝናብ ጥሏል? አሉ፤ ነገርናቸው። ከዚያም «ላይኛው ውሃ እንዴት ነው?» አሉ። ዳጉ ላይ ያልሆነውን ማውራት እንደማይቻል አውቀናልና፣ መምህሩ ስለ ትንሿ አቃቂ እውነቱን ተናገረ፤ ከፋብሪካ የሚለቀቀውን፣ ከቤት የሚጣለውን፣ በክረምት ድልድዩን ሞልቶ የሚወርደውን ፕላስቲክ፣ ዳርቻውን ለማጽዳትና ለማልማት የተጀመረውንም ሥራ አልደበቀም። ወጣቷ የጀሞን ቦይ ጨመረች። አዛውንቱም የሳሪስ ልጆች በዚያ ወንዝ ይዋኙ የነበረበትን ዘመን ነገሯቸው። ሽማግሌው አንዴም አላቋረጡንም፤ ስንጨርስ ተነሡ፣ ከብቶቹን ወደ ነዳው ልጅ ሄዱ፣ እሱም ዱላውን መሬት ላይ አድርጎ ተቀመጠ፣ የሰሙትንም ከመጀመሪያው ጀምረው ይነግሩት ጀመር።