ቤት ከሩቅ ሲሠራ፦ ከደብዳቤ እስከ ፋይል

“ከቤት ሆኖ መሥራት” የሚባለው ነገር ከኮሮና ጋር የመጣ የሚመስለን ብዙ ነን። የሕንፃ ሥራ ሲሆን ደግሞ ነገሩ ጭራሽ የማይሆን ይመስላል። ድንጋይና ሲሚንቶ በኢሜይል አይላክማ! ቤት የሚቆመው አንድ ቦታ ነው፤ ሠሪውም እዚያው መቆም አለበት እንላለን። ታሪኩን ገለጥ ገለጥ አድርገን ስናየው ግን ሌላ ነገር እናገኛለን። አርክቴክት የምንለው ባለሙያ፣ ዛሬ በምናውቀው መልኩ፣ ከጥንስሱም ከሩቅ ሆኖ የሚሠራ ሰው ነው። በየዘመኑ ቤት ያፈረሰውና ወዳጅ ያጣላውም ርቀቱ አልነበረም። ምን እንደነበር ታሪኩ ራሱ ይንገረን። (የውጭውን ታሪክ በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ የአገራችንን ደግሞ “ዓ.ም.” እያልን በራሳችን እንጽፋለን።)

ገመድና ችካል

በገጠራችን ጎጆ ሲቀለስ ፕላን የሚባል ወረቀት የለም። ባለሙያው መሬቱ መሃል ችካል ይተክላል፣ ገመድ ያስርበታል፣ ገመዱን ወጥሮ ይዞርና ክብ ያሰምራል። መለኪያው ክንድና ስንዝር ነው። ንድፉ ያለው ጭንቅላቱ ውስጥ ነው፤ ጭንቅላቱም እዚያው ሥራው ላይ ነው። የተሳሳተ ነገር ቢኖር እዚያው ይታያል፣ እዚያው ይታረማል። “ይህን ማን አዘዘ?” ብሎ የሚጠይቅም የለም፤ ያዘዘው ሰውዬ ቆሞ ይታያላ!

ወረቀት ሲመጣ ይህ ተለወጠ። ፕላን ማለት፣ ነገሩን ካሰብነው፣ የባለሙያውን ሐሳብ እሱ ወደሌለበት ቦታ የሚልክ ዘዴ ነው።

የዚህ ጥሩ ምስክር የጣሊያኑ ሊዮን ባቲስታ አልቤርቲ ነው። አልቤርቲ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ስለ ግንባታ ጥበብ ባለ 10 ክፍል መጽሐፍ በላቲን የጻፈ ሰው ነው። በእሱ እምነት የአርክቴክት ሥራ ማሰብና መንደፍ ነው፤ የግንበኛው ደግሞ የታሰበውን ሳይጨምር ሳይቀንስ ማቆም። ሪሚኒ በምትባል ከተማ አንድ ቤተ ክርስቲያን በአዲስ መልክ እንዲሠራ ንድፍ ሲሰጥ እሱ የሚኖረው ሮም ነበር። ሳይቱ ላይ የቆመው ማቴዎ ዴ ፓስቲ የሚባል ሌላ ባለሙያ ነው። ሳይቱ ላይ ያለ ሰው ደግሞ ሁልጊዜ ጥያቄ አለው፦ “ይህ ቢቀየርስ?” “ይህ ባይሆንስ?” አልቤርቲ ኅዳር 18 ቀን 1454 ከሮም በላከው ደብዳቤ መለሰለት። የዓምዶቹን ልክና ምጣኔ ከነካህ ዜማው በሙሉ ይበላሻል አለው። አንዱን ጌጥ በቃል ማስረዳት ቢያስቸግረው ደግሞ ደብዳቤው ውስጥ ትንሽ ሥዕል ሣለለት። በዛሬ ቋንቋ “አታችመንት” መሆኑ ነው።

ያ ቤተ ክርስቲያን አልቤርቲ እንዳሰበው ሳይጠናቀቅ ቀርቷል። ደብዳቤው ግን አንድ ጥያቄ አውርሶን አልፏል። ንድፉ አንድ ቦታ፣ ሥራው ሌላ ቦታ ከሆነ፣ የመጨረሻው ቃል የማን ነው?

ሰማያዊው ወረቀት

ለረጅም ዘመን ፕላን ለማባዛት አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በእጁ መገልበጥ ነበረበት። በ1842 እንግሊዛዊው ጆን ኸርሼል በብርሃን ኃይል ወረቀትን ሰማያዊ የሚያደርግ የኬሚካል ዘዴ አገኘ። ዘዴው እያደር አርክቴክቶች ቢሮ ገባ። ብርሃን በሚያሳልፍ ወረቀት ላይ የተሣለው ዋናው ፕላን ኬሚካል ከተቀባ ወረቀት ላይ ይነጠፍና ፀሐይ ይመታዋል፤ ሲታጠብ መስመሩ ነጭ፣ መደቡ ሰማያዊ ሆኖ ይወጣል። “ብሉፕሪንት” የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው።

ይህ ወረቀት የማንዘነጋው አንድ ጠባይ ነበረው። ዋናው አንድ ነው፤ ያለውም ቢሮ ውስጥ ነው። የቀረው ሁሉ ቅጂ መሆኑ በቀለሙ ይታወቃል። ወረቀት ደግሞ ያረጃል፣ ይቀደዳል፣ ማህተም ይመታበታል። የትኛው የቆየ፣ የትኛው አዲስ እንደሆነ ዓይን ይለየዋል።

የሲድኒው ፈተና

ከሩቅ ስለመሥራት ሲወራ የማይታለፈው የሲድኒ ኦፔራ ቤት ነው። በጥር 1957 የንድፍ ውድድሩ ውጤት ሲነገር ከ233 ተወዳዳሪዎች ያሸነፈው ዴንማርካዊው የርን ኡትሶን ሆነ። ዕድሜው 38 ነው፤ ሲድኒን በዓይኑ አይቷት አያውቅም። የወደቡን አቀማመጥ ያጠናው ከባሕር ካርታ ነበር። ቢሮው ዴንማርክ፣ የኦቭ አሩፕ መሐንዲሶች ለንደን፣ ሳይቱ አውስትራሊያ። ፕላን በፖስታ፣ ሰው በአውሮፕላን ይመላለሳል።

ሥራው የተጀመረው በመጋቢት 1959 ነው። ያን ጊዜ ግን ዛሬ ዓለም የሚያውቀው ያ ሸራ የመሰለ ጣሪያ እንዴት እንደሚሠራ ገና መልስ አላገኘም። የግዛቱ መሪ ጆ ካሂል ሐሳቡ በመሃል እንዳይቀለበስ ፈርተው “ጀምሩ” ብለው ነበር። ለጣሪያው ቅርጽ መፍትሔ የተገኘው በ1961 ነው፤ ክፍሎቹ ሁሉ ከአንድ ኳስ ላይ እንደተቆረጡ ልጣጮች እንዲሆኑ ተወሰነ። እስከዚያ ድረስ የታችኛው አካል እየተሠራ ነበርና ክብደቱን የማይችሉ ምሰሶዎች እንደገና መሠራት ነበረባቸው።

እዚህ ላይ “ይኸው! ከሩቅ ሲሠራ እንዲህ ነው!” የሚል ሰው አይጠፋም። ታሪኩ ግን ይቀጥላል። ኡትሶን በ1963 ቤተሰቡን ይዞ ሲድኒ ገባ። ርቀቱ አለቀ ማለት ነው። ጭቅጭቁስ? ባሰበት። በ1965 አዲስ መንግሥት ተመረጠ። ሚኒስትሩ ዴቪስ ሂዩዝ ስለ ንድፉም ስለ ክፍያውም ከኡትሶን ጋር አልተግባቡም፤ ክፍያም ያዙ። በየካቲት 1966 ኡትሶን ሥራውን ለቀቀ፤ ኋላም ከአገር ወጣ። ሌሎች አርክቴክቶች ጨረሱትና በጥቅምት 1973 ተመረቀ። በ7 ሚሊዮን የአውስትራሊያ ዶላር ያልቃል የተባለው ሕንፃ 102 ሚሊዮን ፈጀ።

ከዚያስ? በ1999 ዕርቅ ወረደ። ኡትሶን ለወደፊት እድሳት መመሪያ የሚሆን የንድፍ መርህ እንዲጽፍ ተጠየቀ። ሲድኒ አልተመለሰም፤ አውሮፓ ሆኖ ከልጁ ከያን ኡትሶንና ከሲድኒው አርክቴክት ከሪቻርድ ጆንሰን ጋር ሠራ። በ2004 በስሙ የተሰየመው ክፍል ተከፈተ። በ2008 ሲሞት ያለቀውን ሕንፃ በዓይኑ አላየውም።

እንግዲህ ፍረዱ። እዚያው ከተማ ውስጥ ቁጭ ብሎ ያልሆነው ነገር፣ ማን ምን እንደሚወስን በግልጽ ከታወቀ በኋላ ከሌላ አህጉር ሆኖ ሆነ።

ወረቀቱ ሲጠፋ

ኡትሶን ሲድኒ በገባበት በዚያው 1963 ኢቫን ሰዘርላንድ የሚባል ተማሪ አሜሪካ ውስጥ በኤምአይቲ “ስኬችፓድ” የተባለውን ፕሮግራም አሳየ፤ በብርሃን እስክሪብቶ የኮምፒውተር መስኮት ላይ መሣል ተቻለ። በ1982 አውቶካድ ለግል ኮምፒውተር ወጣ። ፕላን ፋይል ሆነ፤ ፋይሉ በዲስክ፣ በኋላም በኢሜይል ይጓዝ ጀመር።

ከሁሉ ቀድሞ ወረቀትን ገሸሽ ያደረገው አንድ ዓሣ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ለ1992ቱ የባርሴሎና ኦሎምፒክ የፍራንክ ጌሪ ቢሮ 56 ሜትር ርዝመት ያለው የብረት ዓሣ ነደፈ። የዓሣው ጎባጣ ገላ በተራ ፕላን አልገለጽ ሲል ለአውሮፕላን ሥራ የተፈጠረውን ካቲያ የተባለ ፕሮግራም ተዋሱ። ሎስ አንጀለስ የተሠራው የኮምፒውተር ሞዴል ብረቱን ለሚቆርጠው የጣሊያን ኩባንያ መመሪያ ሆነ። በ1997 የተከፈተው የቢልባዎ ጉገንሃይም ሙዚየምም በዚሁ መንገድ ተሠራ።

ድንቅ ነው። ግን ከወረቀቱ ጋር አንድ ነገር አብሮ ጠፋ። ፋይል አያረጅም፣ አይቀደድም። የትናንቱና የዛሬው ጎን ለጎን ቢቀመጡ መንትያ ናቸው። ሺህ ጊዜ ቢባዛም ሁሉም “ዋናው እኔ ነኝ” ይላል።

ይህ ምን ያህል እንደሚያስከፍል ከሕንፃ ወጣ ብለን ከአንድ ጎረቤት ሙያ እንይ። ኤርባስ ኤ380 የተባለውን ግዙፍ አውሮፕላን ሲሠራ ሐምቡርግ ያሉት መሐንዲሶች የካቲያን 4ኛ ትውልድ፣ ቱሉዝ ያሉት ደግሞ 5ኛውን ይጠቀሙ ነበር። ስሙ አንድ፣ ቋንቋው ሁለት። ሐምቡርግ የተዘጋጀው የኤሌክትሪክ ገመድ ቱሉዝ ላይ ሲዘረጋ አልደርስ አለ፤ በ2006 የአውሮፕላኑ ርክክብ ተጓተተ፣ ኩባንያውም ብዙ ቢሊዮን ከሰረ። ኢንተርኔቱ ፋይሉን በሰላም አድርሶ ነበር። የጎደለው “የምንሠራው በዚህ ነው” የሚል ስምምነት ነው።

የሕንፃው ዓለም ከብዙ ልምድ በኋላ ሕግ ማበጀት ያዘ። በ2018 ቁጥር 19650 የተባለው ዓለም አቀፍ የአይሶ ደረጃ ወጣ። ፍሬ ነገሩ ቀላል ነው። የአንድ ፕሮጀክት ፋይሎች በሙሉ አንድ የጋራ ቦታ ይቀመጡ፤ እያንዳንዱ ፋይልም ከአራት ደረጃዎች በአንዱ ይሁን፦ ገና እየተሠራ ያለ፣ ባልደረቦች እንዲያዩት የተጋራ፣ ለሥራ የጸደቀ፣ ወደ መዝገብ የገባ። ከአንዱ ደረጃ ወደ ሌላው የሚያሻግረው ፋይሉን የመረመረና ያጸደቀ ሰው ነው። ልብ ካልነው ይህ የድሮው ማህተም ነው፤ ልብስ ቀይሮ መጣ እንጂ።

ወደ ሰፈራችን

ኢንተርኔት አገራችን የገባው በ1989 ዓ.ም. ነው። ዛሬ አዲስ አበባ ውስጥ ከምናውቃቸው ወጣት አርክቴክቶች ብዙዎቹ ፕላን የሚቀባበሉት በፍላሽና በቴሌግራም ነው። የፋይሉ ስም መጀመሪያ “ፋይናል” ይባላል። በማግስቱ “ፋይናል 2” ይመጣል። በሳምንቱ “የመጨረሻው ፋይናል”። ቀልድ ይመስላል፤ ሳይቱ ላይ ግን አያስቅም። ፎርማኑ ስልኩ ላይ የደረሰው አንድ ነገር ይላል፣ ግድግዳ ላይ የተለጠፈው ወረቀት ሌላ። በአንድ ራስ ሁለት ምላስ! ፌሮው በአሮጌው ፋይል ታስሮ የሶሌታው አርማታ ከተሞላ በኋላ “መልሰው” የሚባል ነገር የለም። ኮምፒውተር ላይ ያለው የመመለሻ ቁልፍ ሲሚንቶ ላይ አይሠራም።

ሕጉስ? ሕጉ እንኳ መንገድ ከፍቷል። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 እና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ ፊርማና ሰነድ እውቅና ሰጥተዋል። የቀረው ልማድ ነው።

ልማዱን ስናበጅ ግን ፈረንጆቹ እምብዛም የማያነሱትን የራሳችንን ጥያቄም መጨመር አለብን። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ አገራችን ውስጥ መገኘቱ ተነገረ። ቢሮዎች ሠራተኞቻቸውን ወደ ቤት ላኩ። ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ደግሞ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተዘጋ፤ ለሦስት ሳምንት ያህልም ዘለቀ። በሰኔ 2011 ዓ.ም. ተዘግቶ ነበር። ትግራይ ውስጥ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ለሁለት ዓመት ገደማ ተቋርጦ ቆየ። ፕላኑን በሙሉ ባሕር ማዶ ባለ ሰርቨር ላይ ያስቀመጠ ቢሮ እንዲህ ባለ ቀን የራሱን ሥራ ከውጭ ቆሞ የሚያይ እንግዳ ይሆናል። አልቤርቲ ደብዳቤ ቢዘገይበት ፕላኑ እጁ ላይ ነበር። እኛ ዘንድ መስመሩ ሲቋረጥ ፕላኑም አብሮ ይሄዳል።

ስለዚህ ከዚህ ሁሉ ታሪክ የምንወስደው ስንቅ ብዙ ውድ ፕሮግራም አይጠይቅም። ፋይሉ ስም ሲወጣለት ቀንና ተራ ቁጥር ይኑረው፤ “ፋይናል” የሚለው ቃል ይቅር። ለሥራ የሚወጣውን የሚያጸድቅ አንድ ሰው በስም ይታወቅ። አዲስ ሲላክ አሮጌው ከሳይቱ ይነሳ፤ ስልክ ላይ ያለውም ይጥፋ። ደመና ላይ ያለው ሁሉ ቢሮ ውስጥ ባለ ዲስክ ላይ ቅጂ ይኑረው። ሳይቱ ላይም የጸደቀው፣ የተፈረመው፣ ቀን ያለበት ወረቀት ይገኝ። መብራትም ኢንተርኔትም ባይኖር ወረቀት ይነበባል።

አርክቴክቱ ሮምም ይኑር፣ ኮፐንሃገንም፣ ቦሌም፣ ቤት ከሩቅ ይሠራል፤ ሲሠራም ኖሯል። አርማታ የጫነው መኪና ደርሶ፣ ሞተሩ እየዞረ፣ ፎርማኑ “የትኛው ነው ትክክለኛው?” ብሎ ሲደውል ግን ስልኩን አንስቶ “ይሄኛው ነው፤ ያጸደቅሁት እኔ ነኝ” የሚል ሰው መኖር አለበት። ያ ሰው ከሌለ አርክቴክቱ ሳይቱ ላይ ድንኳን ተክሎ ቢያድርም ሩቅ ነው።