የኩዌከሮች ሕሊና፣ ባርነትና የታሪክ ልብ ወለድ

ስለ አሜሪካ ባርነት የተጻፉ የታሪክ ልብ ወለዶችን ያነበበ ሁሉ ኩዌከሩን ያውቀዋል፤ ግራጫ ልብስ ለብሶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ከጌታው የኮበለለውን ባሪያ በሌሊት በሩን ከፍቶ የሚያስገባው ሰው ነው። ሀሪየት ቢቸር ስቶው በ1852 ባሳተመችው «የአጎት ቶም ጎጆ» ውስጥ ኤላይዛና ጆርጅ የሚጠለሉት በእንዲህ ያለ ቤት ነው። ሥዕሉ ሐሰት አይደለም። ነገር ግን የመንገዱን መጨረሻ እንጂ መንገዱን አያሳየንም። (የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ኩዌከሮች፣ በራሳቸው አጠራር «የወዳጆች ማኅበር»፣ የእግዚአብሔር ብርሃን በእያንዳንዱ ሰው ውስጥ አለ ብለው ያምናሉ። ይህንኑ እያመኑ ግን በፔንሲልቬኒያ ባሪያ ይገዙ፣ ይሸጡም ነበር፤ የግዛቲቱ መሥራች ዊልያም ፔን ራሱ ባሮች ነበሩት። በ1688 አራት የጀርመንታውን ሰዎች ባርነትን የሚቃወም ጽሑፍ ፈርመው አቀረቡ። የወሩ ጉባኤ ጉዳዩ ከበደኝ ብሎ ወደ ሩብ ዓመቱ፣ የሩብ ዓመቱም ወደ ዓመታዊው መራው፤ ዓመታዊው ጉባኤ ደግሞ ፍርድ ሳይሰጥበት አለፈው። የፊላደልፊያ ዓመታዊ ጉባኤ ባሪያ መያዝን ለአባላቱ የከለከለው በ1776 ነው። 88 ዓመት መሆኑ ነው! በዚህ መካከል፣ በ1738፣ ቤንጃሚን ሌይ ቀይ ጭማቂ የተደበቀበትን መጽሐፍ በጉባኤ ፊት በሰይፍ ወግቶ «ደሙን» በባሪያ አሳዳሪዎቹ ላይ ቢረጭ ጎትተው አስወጡት።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን የጆን ዉልማን ታሪክ ነው። በኒው ጀርዚ፣ በማውንት ሆሊ ከተማ፣ በአንድ ሱቅ ተቀጥሮ ሲሠራ አሠሪው አንዲት ጥቁር ሴት ሸጠና የሽያጩን ውል እንዲጽፍ አዘዘው። ዕድሜው ገና ሃያዎቹን የጀመረ ወጣት ነበር። ገዢው ቆሞ ይጠብቃል፤ እርሱም የማኅበሩ አባል የሆነ ሽማግሌ ነው። ዉልማን ጻፈ። እየጻፈም ባሪያ መያዝ ከክርስትና ጋር እንደማይስማማ ለሁለቱም ነገራቸው። ከዚያ ወዲያ ሌላ ሰው ተመሳሳይ ውል እንዲጽፍለት ቢጠይቀው እንቢ አለ፤ ቀሪ ዘመኑንም ከአንዱ ኩዌከር ቤት ወደ ሌላው እየተዘዋወረ ባለቤቶቹን ሲመክር፣ ላስተናገዱት ባሮችም የድካማቸውን ዋጋ ሲከፍል ኖረ። ይህን ሁሉ የምናውቀው በ1772 ከሞተ በኋላ፣ በ1774 ከታተመው የሕይወት መዝገቡ ነው።

ይሁን እንጂ በዚያ መዝገብ ውስጥ የተሸጠችው ሴት ስም የለም። የጸሐፊው ጭንቀት ተመዝግቧል፤ የእርሷ ግን አልተመዘገበም። የታሪክ ተመራማሪ ከዚህ ወዲያ መሄድ አይችልም፤ በእኛ አስተያየት የልብ ወለድ ደራሲ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። አብዛኞቹ ደራስያን ግን የሚመለሱት ወደ ነጩ ሰው ሕሊና ነው፤ ሰነዱ የተትረፈረፈው በዚያ በኩል ነውና።

ሱ መንክ ኪድ በ2014 ባሳተመችው ልብ ወለድ ሌላ መንገድ ሞክራለች። ባለታሪኳ ሳራ ግሪምኬ ከቻርለስተን ባሪያ አሳዳሪ ቤተሰብ ወጥታ ኩዌከር የሆነች የታሪክ ሰው ናት። በልጅነቷ የተሰጠቻት ሄቲ የተባለች ባሪያ ግን ብዙም ሳትቆይ ሞታለች። ደራሲዋ ይህችን ሟች ልጅ አሳድጋ የትረካውን እኩሌታ ለእርሷ ሰጠቻት። የታሪክን ሐቅ ጣሰች የሚል አይጠፋም፤ እኛ ግን ድፍረቱን እንደግፋለን።

ሳራ ፊላደልፊያ በደረሰች ጊዜ ኩዌከሮቹ ባሪያ መያዝን ከተዉ አርባ ዓመት አልፏቸው ነበር። በአርች ጎዳና የጸሎት ቤታቸው ግን ጥቁሮች የሚቀመጡበት አግዳሚ ለብቻው ነበር። ሳራና እኅቷ አንጀሊና ከጥቁሯ መምህርት ከሳራ ማፕስ ዳግላስ ጋር በዚያው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ።