የስኳር ሕመምተኛ አመጋገብ በባቲና አካባቢዋ

በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን፣ በሰኞ ገበያዋ በምትታወቀው ባቲ፣ የስኳር ሕመም ያለበት ሰው የደም ስኳሩን የሚቆጣጠርበት የምግብ አያያዝ ከዚህ በታች ቀርቧል። የአካባቢው ዋና እህል ማሽላ ነው። የማሽላ እንጀራ ከነጭ ዳቦ የበለጠ አሰር ቢኖረውም ስታርች ነውና ወደ ስኳር ይለወጣል፤ ስለዚህ መጠኑ ይወሰናል። የተለመደው ምክር የሰሃኑን ግማሽ በጎመንና በመሰል አትክልት፣ ሩቡን በእንጀራ፣ ቀሪውን በምስር፣ በእንቁላል ወይም ጮማ በሌለው ሥጋ መሙላት ነው። ከአንድ ትሪ ለሚበላ ቤተሰብ ግን ይህ አይመችም፤ የታማሚውን ድርሻ አስቀድሞ ቆርሶ መለየት ይቀላል።

አብዛኛው ነዋሪ ሙስሊም በመሆኑ ከባዱ ጥያቄ ረመዳን ነው። ኢንሱሊን ወይም ግሊቤንክላሚድ የተባለውን የስኳር እንክብል የሚወስድ ሰው ሲጾም ስኳሩ በድንገት ሊወርድበት ይችላል፤ ከጾሙ ሳምንታት ቀድሞ ሐኪም ማማከር እንጂ መድኃኒቱን በራሱ ማቋረጥ የለበትም። የደም ስኳር በዴሲሊትር ከ70 ሚሊግራም ከወረደ ወይም ከ300 ካለፈ ጾሙን ወዲያው መፍታት ይመከራል። ከንጋት በፊት የሚበላው ሱሑር ዘግይቶ ይበላል፤ ጾሙ ለሚፈታበት ኢፍጣር 1 ወይም 2 ቴምር ይበቃል፣ ሳምቡሳው ይቀነሳል።

ጫት መቃምም የምግብ ሰዓት ያስዘልላል፤ አብሮት የሚጠጣው ጣፋጭ ሻይና ለስላሳ ደግሞ ስኳሩን ያንረዋል።

ስለ ግመል ወተት፣ በሕንድ ራጃስታን የተደረጉ አነስተኛ ጥናቶች የኢንሱሊን ፍላጎትን ሊቀንስ እንደሚችል ጠቁመዋል። ኢንሱሊንን ግን አይተካም፤ በጥሬ ወተት የሚተላለፈውን የብሩሴሎሲስ በሽታ ለመከላከልም ወተቱ ይፈላል።