ሼርድ ፎልደር «ፓስወርድ ተሳስቷል» እያለ ሲያስቸግራችሁ፦ ቁልፉን ከመንቀላችሁ በፊት ይህን እዩ

ቆቃም ሆነ አዳማ ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ ፋይል ያሳተመ ሰው ይህችን ነገር ያውቃታል። ፋይሉ አንዱ ኮምፒውተር ላይ ነው፣ ፕሪንተሩ ሌላኛው ጋ ነው፣ ሁለቱም በአንድ ዋይፋይ ተያይዘዋል። ፎልደሩን ሲከፍቱት ዩዘርኔምና ፓስወርድ ይጠይቃል፤ ትክክለኛውን ቢያስገቡም «ተሳስቷል» ይላል። ሰልፉ ሲረዝም አንዱ ይነሳና «በቃ ፓስወርዱን አጥፋው!» ይላል።

እኛ ግን አታጥፉት እንላለን። እዚያ ፎልደር ውስጥ ያለው የሰው ፋይዳ መታወቂያ፣ የፓስፖርት ኮፒና የትምህርት ማስረጃ ነው። ቁልፉ ከተነሳ ያን ዋይፋይ ያገኘ ሁሉ በስልኩ ገብቶ ሊያየው ይችላል። ችግሩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በደቂቃዎች ይፈታል።

መጀመሪያ መልእክቱን አንብቡ

ሁሉም «አልገባም አለ» አንድ አይደለም።
• «አልተገኘም» ካለ ችግሩ መንገዱ ላይ ነው፤ ፓስወርድ ጋ ገና አልደረሳችሁም።
• «ዩዘርኔም ወይም ፓስወርድ ተሳስቷል» ካለ ማንነታችሁን አላወቀም።
• «ፈቃድ የላችሁም» ካለ አውቋችኋል፣ ግን ፎልደሩ ለእናንተ አልተፈቀደም።

1. «አልተገኘም» ሲል

ስልካችሁ በሞባይል ዳታ ላይ እንዳይሆን እዩ። «ጌስት» በሚባለው የእንግዳ ዋይፋይ ከገባችሁም ራውተሩ ከሌሎቹ ኮምፒውተሮች ሊለያችሁ ይችላል። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ደግሞ ራውተሩ ለኮምፒውተሩ አዲስ አይፒ አድራሻ ሊሰጠው ስለሚችል ትናንት የሠራው አድራሻ ዛሬ ላይሠራ ይችላል። ፎልደሩ ባለበት ኮምፒውተር ላይ የኔትወርኩ ዓይነት «ፐብሊክ» ከሆነ፣ የራሳችሁ ዋይፋይ እስከሆነ ድረስ ወደ «ፕራይቬት» ቀይሩት።

2. «ፓስወርድ ተሳስቷል» ሲል

👉 ፒን ፓስወርድ አይደለም። ኮምፒውተሩን የምትከፍቱበት ባለ 4 ቁጥር ፒን በኔትወርክ አይሠራም። የሚፈለገው የአካውንቱ ፓስወርድ ነው።

👉 የሚሞላው ፎልደሩ ያለበት ኮምፒውተር ዩዘርኔም ነው፤ የእናንተ ስልክ ወይም ላፕቶፕ ስም አይደለም። ካልሠራ የኮምፒውተሩን ስም፣ ከዚያ \ ምልክት፣ ከዚያ ዩዘርኔሙን አስከትላችሁ ጻፉ።

👉 ባዶ ፓስወርድ አይሠራም። ፓስወርድ የሌለውን አካውንት ዊንዶውስ በኔትወርክ በኩል አያስገባም።

👉 የድሮው ተቀምጦ ይሆናል። ፓስወርዱ በቅርቡ ከተቀየረ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ «ክሬደንሻል ማናጀር» ገብታችሁ የድሮውን ሰርዙና እንደገና ሞክሩ።

👉 ደጋግማችሁ አትገምቱ። በአዳዲስ የዊንዶውስ 11 ኮምፒውተሮች 10 ጊዜ ከተሳሳታችሁ አካውንቱ ለ10 ደቂቃ ይቆለፋል፤ ከዚያ ትክክለኛውንም አይቀበልም።

👉 ሰዓቱን እዩ። በመሥሪያ ቤትና በኮሌጅ፣ በአንድ ሰርቨር ሥር ባሉ ኮምፒውተሮች ላይ ከ5 ደቂቃ በላይ የሰዓት ልዩነት መግባት ሊከለክል ይችላል። ጠዋት 3 ሰዓት ለኮምፒውተሩ 9 ሰዓት ነው። በእኛ አቆጣጠር 3 ብሎ የሞላ ሰው ካለ 6 ሰዓት አዛብቶታል ማለት ነው።

3. «ፈቃድ የላችሁም» ሲል

ዊንዶውስ ሁለት ፈቃድ ያያል፦ አንዱ «ሼሪንግ»፣ ሌላው «ሴኩሪቲ» በሚለው ገጽ ላይ አለ። አንዱ ፈቅዶ ሌላው ከከለከለ የሚያሸንፈው ክልከላው ነው። ሁለቱንም ክፈቱና አስተካክሉ።

«ድሮ ይሠራ ነበር፣ አሁን ምን ሆነ?»

በ2024 የወጣው የዊንዶውስ 11 24ኤች2 አፕዴት ያለ ፓስወርድ በእንግድነት መግባትን ፕሮ በሚባለው ዓይነት ላይም ዘግቷል። በዚህ ምክንያት ብዙ አሮጌ ሼርድ ፎልደሮች በድንገት እምቢ አሉ።

ዩቲዩብ ላይ «ኤስኤምቢ 1ን አብሩት» የሚሉ ቪዲዮዎች ሞልተዋል። እንዳትሞክሩት! ግንቦት 2009 ዓ.ም. ዋናክራይ የተባለው ቫይረስ በ150 ገደማ አገሮች ፋይል እየቆለፈ ገንዘብ ሲጠይቅ የተዛመተው በዚሁ አሮጌ አሠራር ቀዳዳ ነበር።

ታዲያ ምን ይሻላል?

ፎልደሩ ባለበት ኮምፒውተር ላይ ለዚህ ሥራ ብቻ የሚሆን አንድ ሎካል አካውንት ክፈቱ፣ ጠንካራ ፓስወርድ ስጡት፣ የሚያስፈልገውን ፎልደር ብቻ ፍቀዱለት። ማየት ብቻ ለሚበቃው «ሪድ» ይበቃዋል። አይፎን ካላችሁ «ፋይልስ» አፕ ውስጥ «ኮኔክት ቱ ሰርቨር» በሚለው፣ ሳምሰንግ ከሆነ «ማይ ፋይልስ» ውስጥ ባለው የኔትወርክ ስቶሬጅ በዚሁ አካውንት ትገባላችሁ።

ፎቶ ኮፒ ቤት የምትሠሩ ልጆች ደግሞ አንድ ነገር ጨምሩ፦ ደንበኛው አሳትሞ ሲሄድ ፋይሉን ከፎልደሩ አጥፉለት። የሰው መታወቂያ አደራ ነው።