ከዘጠና ወንበር ሁለቱ

ጥቂት ሰዎች የተናገሩት ቃል አንዳንድ ጊዜ ከብዙዎች ዝምታ ይልቅ ፍሬ እንደሚያፈራ፣ በካናዳ የምትገኘው የኦንታሪዮ ክፍለ ሀገር ታሪክ ይመሰክራል። በአውሮፓውያን አቈጣጠር በ1940 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ደንብ የኮሙኒስት ፓርቲ ከታገደ በኋላ፣ በ1943 ምርጫ ማክላውድና ሳልዝበርግ የተባሉ ሁለት የፓርቲው ሰዎች ከቶሮንቶ ተመርጠው፣ ዘጠና ወንበር ባለው የክፍለ ሀገሩ ምክር ቤት ሁለቱን ያዙ፤ ፓርቲውም በዚያው ዓመት የሠራተኞች ተራማጅ ፓርቲ በሚል አዲስ ስም ተቋቋመ።

ሳልዝበርግ ከፖላንድ በልጅነቱ የተሰደደ፣ በቆብ ሰፊዎች ማኅበር ውስጥ ያደገ አይሁዳዊ ነበርና፣ የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች በተደረደሩበት በስፓዳይና ጎዳና የሚኖረው ሠራተኛ እንደ ገዛ ወንድሙ ያየው ነበር። በዚያ ዘመን በአንዳንድ የመዝናኛ ስፍራ በር ላይ፣ አይሁድ እንዳይገቡ የሚከለክል ጽሑፍ በሰሌዳ ተሰቅሎ፣ አባት ልጁን ይዞ አንብቦ የሚመለስበት ነውር ይታይ ነበር። ሳልዝበርግም ይህን ነውር በመቃወም በምክር ቤት ሳይታክት ቢከራከር፣ የብዙኃን ድምፅ ያልነበረው የወግ አጥባቂው የጆርጅ ድሩ መንግሥት በ1944 እንዲህ ያለውን ጽሑፍ የሚከለክል ሕግ አወጣ።

ከዚያ ወዲህ ግን የቀዝቃዛው ጦርነት ነፋስ በረታ፤ ማክላውድ በ1951፣ ሳልዝበርግም በ1955 ወንበራቸውን አጡ። የሶቪየት ኅብረት መሪ ክሩሽቾቭ በ1956 የቀድሞውን መሪ የስታሊንን ግፍ ከገለጠ በኋላም፣ ሳልዝበርግ በ1957 ፓርቲውን ተሰናበተ። የ1944ቱ ሕግ ግን በ1962 በወጣው የኦንታሪዮ የሰብአዊ መብት ሕግ ውስጥ ተጠቃለለ፤ ወንበሮቹ ቢታጡም ሥራው ጸንቶ ቀረ።