የጠፋችውን ከተማ ለመጎብኘት መሰናዳት፦ እስክንድርያና የግእዝ ምስክርነት



አንድ የታሪክ ተማሪ በሜዲትራንያን ባሕር ዳርቻ የምትገኘውን እስክንድርያን ለማየት ቢነሣ ጉዞውን እንዴት ያሰናዳ? ጥያቄው ለአስጎብኚ ድርጅት የሚቀርብ ይመስላል። እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሞ የታሪክ ምንጭ ጥያቄ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱን በቅደም ተከተል ለማስረዳት እሞክራለሁ። የምጠቅሳቸው ዘመናት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እስክንድርያ ለኢትዮጵያዊ ጆሮ እንግዳ ስም አይደለችም። ፍሬምናጦስ፣ ኋላ አባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን የተባለው፣ በ4ኛው መቶ ዓመት የተሾመው በእስክንድርያው ሊቀ ጳጳሳት በአትናቴዎስ እጅ ነው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ እስከ 20ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ድረስ የአገራችን ጳጳስ ከማርቆስ መንበር ይላክ ነበር። በአትናቴዎስና በቄርሎስ ስም የሚጠሩ ቅዳሴያት ዛሬም ይቀደሳሉ። ስለዚህ ከእኛ ወገን የሚሄድ ጎብኚ ባዶ አእምሮ ይዞ አይሄድም፤ ግምት ይዞ ይሄዳል። የመጀመሪያው የመሰናዶ ሥራም ይህን ግምት መመርመር ነው። የግብፅ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርኮች በ11ኛው መቶ ዓመት መቀመጫቸውን ወደ ካይሮ አዛውረዋል። የማዕረግ ስማቸው የእስክንድርያ ሆኖ ሲቀር ደጃቸው ካይሮ ሆነ። ጳጳስ ለመለመን እጅ መንሻ ይዘው የሄዱትን የመካከለኛው ዘመን ነገሥታት መልእክተኞች፣ የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብን ጭምር፣ ፈለግ መከተል የሚሻ ተማሪ እንግዲህ ሐሳቡን ወደ ካይሮ ይመልስ።

ሁለተኛው መመርመር ያለበት ግምት የከተማይቱን ዝና ይመለከታል። ታላቁ እስክንድር በ331 ከክርስቶስ ልደት በፊት የቆረቆራት ይህች ከተማ ዝነኛ የሆነችባቸው ነገሮች አብዛኞቹ ዛሬ በቦታቸው የሉም። የእስክንድር መቃብር የት እንደሆነ አይታወቅም። የበጥሊሞሳውያን የቤተ መንግሥት ሰፈር ከፊሉ ከባሕር በታች ነው። የቅዱስ ማርቆስን ዐፅም የቬኒስ ነጋዴዎች በ828 እንደወሰዱት ይነገራል። በወደቡ አጠገብ ቆመው ከነበሩት ሁለት ሐውልቶች አንዱ በ19ኛው መቶ ዓመት ወደ ለንደን፣ ሌላው ወደ ኒውዮርክ ተጓዘ። ናፖሊዮን በ1798 ሲደርስ ያገኘው ጥቂት ሺህ ሰዎች የሚኖሩባትን ትንሽ ከተማ ነበር። ዛሬ በባሕሩ ዳር ተሰልፈው የምናያቸው ሕንፃዎች ከዚያ ወዲህ የተሠሩ ናቸው። የዝነኛ ስፍራዎችን ዝርዝር ብቻ ይዞ የሄደ ጎብኚ በግማሽ ቀን ውስጥ «ምንም የለም» ብሎ ይመለሳል።

እኔ የማቀርበው ዕቅድ ሦስት ስፍራዎችን የያዘ ነው፤ ለእያንዳንዱም ስፍራ አስቀድሞ መነበብ ያለበት ጽሑፍ አለው። ክረምታቸው ዝናብና ማዕበል፣ ጸደያቸው የአሸዋ ነፋስ ስላለበት የመከር ወራት ይመረጣል። ከካይሮ በባቡር መሄድ ይቻላል፤ ሦስት ቀን ይበቃል።

የመጀመሪያው ቀን ለወደቡ ይሁን። በምሥራቁ ወደብ ጫፍ ሱልጣን ቃይትባይ በ1477 ያስጀመረው ምሽግ ቆሟል። ከ100 ሜትር በላይ ከፍታ እንደነበረው የሚገመተው የፋሮስ የመብራት ግንብ የቆመው እዚያው ነበር። ግንቡ በአንድ ቀን አልወደቀም፤ በተደጋጋሚ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ በተለይም በ1303 በደረሰው፣ ቀስ በቀስ ፈረሰ። ኢብን ባቱታ በ1326 ሲያየው አንድ ወገኑ ፈርሶ ነበር፤ በ1349 ተመልሶ ሲመጣ ወደ ውስጥ መግባት እንኳ አልቻለም። ከ1994 ጀምሮ ጠላቂ አርኪዮሎጂስቶች በምሽጉ ሥር በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ የድንጋይ ቅሪቶችን ከባሕሩ ወለል መዝግበዋል። ፋሮስ በመጀመሪያ ደሴት ነበረች፤ ከየብስ ጋር ያገናኛት ሄፕታስታድዮን የተባለ ሰው ሠራሽ መሻገሪያ ነው። ባሕሩ በዘመናት ብዛት በመሻገሪያው ግራና ቀኝ ደለል ከምሮ ምድር አደረገው፤ ዛሬ በዚያ ላይ ሰፈር ተሠርቶበታል። ወደ ምሽጉ በእግሩ የሚሄድ ሰው ጥንት ውኃ በነበረ ቦታ ላይ ይራመዳል።

በዚህ ስፍራ የሚነበበው የቆዝማ መጽሐፍ ነው። ወደ ሕንድ ተጓዡ በሚል ቅጽል የሚታወቀው ይህ የእስክንድርያ ነጋዴ በ6ኛው መቶ ዓመት፣ በዐፄ ካሌብ ዘመን፣ አዱሊስ ደርሶ በዚያ ያየውን የዙፋንና የድንጋይ ጽሑፍ ገልብጧል። ድንጋዩ ጠፍቷል፤ ያለን የእርሱ ግልባጭ ብቻ ነው። ከዚህ ወደብ የተነሣ ዕቃ በዓባይ ወደ ላይኛው ግብፅ፣ ከዚያ በግመል ወደ ቀይ ባሕር፣ ከዚያም በመርከብ ወደ አዱሊስ ይደርስ ነበር። ጎብኚው ጀርባውን ለባሕሩ ሰጥቶ ወደ ደቡብ ቢመለከት የአክሱምን የዝሆን ጥርስ መንገድ በዐይነ ልቡና ያያል።

ሁለተኛው ቀን ለሴራፒዩም ኮረብታ ነው። በዚህ የቆመው 27 ሜትር ያህል የሚረዝም ቀይ የአስዋን ድንጋይ ዓምድ «የፖምፔይ ዓምድ» ይባላል፤ ከፖምፔይ ጋር ግን ግንኙነት የለውም። የተተከለው በ3ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ ለንጉሠ ነገሥት ዲዮቅልጥያኖስ ክብር ነው። ይህ ስም ለእኛ ከባድ ነው፤ ባሕረ ሐሳብ የሚጠቀምበት ዓመተ ሰማዕታት የሚቆጠረው ዲዮቅልጥያኖስ ከነገሠበት ከ284 ነውና። በአንድ ድንጋይ ላይ የከተማይቱ ውዳሴና የምእመናን ኀዘን ተገናኝተዋል፤ በተለምዶ የሚጠራበት ስም ግን ሁለቱንም ይሸፍናል።

በዚህ ኮረብታ ላይ የሴራፒስ ቤተ መቅደስና የትልቁ ቤተ መጻሕፍት ንዑስ ክፍል ነበሩ። ቤተ መቅደሱ በ391 በሊቀ ጳጳሳት ቴዎፍሎስ ጊዜ ፈረሰ። በ415 ደግሞ ፈላስፋዋና የሒሳብ ሊቋ ሃይፓትያ በከተማይቱ ጎዳና በሕዝብ ተገደለች። «ቤተ መጻሕፍቱን ማን አቃጠለው?» የሚለው ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ጥያቄው ለብዙ ዘመን የሃይማኖት መካሰሻ ሆኖ ኖሯል፤ አንዱ ቄሣርን፣ አንዱ ክርስቲያኖችን፣ ሌላው ኸሊፋ ዑመርን ይከሳል። ሰባት ነገሮችን ሳያጣራ በዚህ ስፍራ ፎቶግራፍ የሚነሣ ተማሪ አንዱን ክስ ይዞ መመለሱ አይቀርም።

ለዚህ ስፍራ ንባብ ሩቅ መሄድ አያሻንም። በ7ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ የኖረው የኒቅዩስ ጳጳስ ዮሐንስ፣ በእኛ ዘንድ ዮሐንስ መደብር የሚባለው፣ ስለ ዐረቦች ግብፅን መያዝ ከጻፉት ሁሉ ለዘመኑ እጅግ የቀረበ ነው። ዋናው ድርሰት ጠፍቷል፤ የዐረብኛውም ትርጉም አልተገኘም። ዛሬ ዓለም የሚያነበው በ17ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ በእቴጌ ማርያም ሥና ትእዛዝ ከዐረብኛ ወደ ግእዝ የተመለሰውን ነው። ዞተንበርግ በ1883 ፓሪስ ላይ ካሳተመው ጀምሮ የእስክንድርያን አወዳደቅ የሚያጠና ሁሉ በግእዙ በኩል ያልፋል።

ታዲያ ዮሐንስ ምን ይላል? በድል አድራጊዎቹ ላይ ብርቱ ቃል ይናገራል፤ ግብሩንና መከራውን ይዘረዝራል። ስለ ቤተ መጻሕፍት መቃጠል ግን አንድ ቃል የለውም። ዑመር መጻሕፍቱን አስቃጠለ የሚለው ወሬ በዐረብኛ ጸሐፊዎች ዘንድ የሚታየው ከነገሩ ከ500 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። እርግጥ ከዝምታ ብቻ መደምደም አይገባም፤ የዮሐንስ ጽሑፍ ሁለት ጊዜ የተተረጎመና ክፍተት ያለበት ነው። ሆኖም ከሳሹ ማስረጃ የማቅረብ ዕዳ እንዳለበት ያሳስበናል።

በሌላ በኩል ይኸው ዮሐንስ ሃይፓትያን ጠንቋይ አድርጎ ይሥላታል፤ የተገደለችበትንም ሥራ እንደ መልካም ይቆጥራል። ለጊዜው የቀረበው የቤተ ክርስቲያን ታሪክ ጸሐፊ ሶቅራጥስ ግን፣ እርሱም ክርስቲያን ሆኖ፣ ግድያውን ለእስክንድርያ ቤተ ክርስቲያን እንደ ነውር ቆጥሮታል። በግእዝ የደረሰን የመጀመሪያው ድምፅ ነው። ቅርሳችን ስለሆነ ብቻ ከምርመራ ነፃ ልናደርገው አይገባም፤ ሁለቱን ጽሑፎች ጎን ለጎን ያላነበበ ተማሪ ወደዚያ ኮረብታ ባይወጣ ይሻለዋል።

ሦስተኛው ቀን ለኮም ኤል-ዲካ ይሁን፤ ከባቡር ጣቢያው አጠገብ ነው። የፖላንድ አርኪዮሎጂስቶች ከ1960 ጀምሮ በቆፈሩት በዚህ ስፍራ ከትንሿ ትያትር ጎን 20 ያህል የመማሪያ አዳራሾች ተገኝተዋል። የድንጋይ መቀመጫዎቹ በግድግዳው ዙሪያ እንደ ፈረስ ኮቴ የተሠሩ ናቸው፤ ከመካከል ከፍ ያለ የመምህር ወንበር አለ። በጉባኤ ቤት ያደገ ሰው አቀማመጡ አይጠፋውም። አዳራሾቹ ያገለገሉት ከ5ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ እስከ 7ኛው መቶ ዓመት ነው። ይህም ማለት ሴራፒዩም ከፈረሰና ሃይፓትያ ከተገደለች በኋላ ትምህርቱ ወደ ሁለት መቶ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ቀጥሏል። ክርስቲያኑ ዮሐንስ ፊሎፖኖስ የአርስጣጣሊስን መጻሕፍት ያብራራው በዚያው ዘመን ነው። በአንድ ሌሊት እሳት ዕውቀት ሁሉ ጠፋ የሚለው ትረካ በእነዚህ የድንጋይ መቀመጫዎች ፊት አይቆምም።

መጻሕፍቱስ ታዲያ ወዴት ሄዱ? ቄሣር በ48 ከክርስቶስ ልደት በፊት ያስነሣው እሳት፣ የ3ኛው መቶ ዓመት ጦርነቶች፣ የነገሥታት ድጎማ መቋረጥ፣ እነዚህ ሁሉ ድርሻ አላቸው። ከሁሉ በላይ ግን ፓፒረስ ዕድሜው የተወሰነ ነው፤ ካልተገለበጠ ያለ እሳትም ይጠፋል። የጠፋው ሁሉ ቢያንስ በአንድ ወቅት የሚገለብጠው ሰው ያጣ ነው። የዮሐንስ መደብር ድርሰት የተረፈው በአገሩ ገልባጭ ሲያጣ በእኛ አገር ስላገኘ ነው። ይህ ብቻም አይደለም፤ በግሪክኛ የጠፋ የእስክንድርያ መንበር ታሪክ ከትግራይ በተገኘ ጥንታዊ የግእዝ ብራና ውስጥ ተገኝቶ በቅርብ ዓመታት ለኅትመት በቅቷል።

ስለዚህ ዕቅዳችሁን ስትነድፉ ከሆቴልና ከባቡር በፊት ሦስቱን ንባቦች አስቀምጡ፦ ቆዝማን ለወደቡ፣ ሶቅራጥስን ከዮሐንስ መደብር ጋር ለኮረብታው፣ የቁፋሮውን ዘገባዎች ለአዳራሾቹ። በ2002 የተከፈተውን አዲሱን ቤተ መጻሕፍት በመጨረሻ ጎብኙ፤ ስለ አሮጌው በቂ ጥያቄ ይዛችሁ ትገባላችሁና። ስትመለሱም አንድ ሥራ ይጠብቃችኋል። በየገዳማቱና በየአድባራቱ ገና ያልተመዘገቡ ብራናዎች አሉ፤ ከእነዚህ መካከል ሌላ የትም የማይገኝ ድርሰት የያዘው የትኛው እንደሆነ የሚታወቀው አንድ ሰው ተቀምጦ ሲያነበውና ሲገለብጠው ብቻ ነው።